ከመስታወቱ ፎቅ ጀርባ ያለው መንደር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ዕቃ ለማምጣት ወደ ጓንዡ መመላለስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ካረፍኩበት ሆቴል ጀርባ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ፣ በጠራራ ፀሐይ አምፖል የሚበራበት፣ ሕንፃና ሕንፃ የተጣበቀበት መንደር አለ። ከፊቱ ደግሞ አንገት የሚያጣምም የመስታወት ፎቅ። ቻይና ማፍረስ ከፈለገች የሚያቆማት የለም ይባላል። ታዲያ ይሄንን መንደር ለምን ተወችው?»

ሙያዬ የከተማ ፕላን ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት እዚያው ደቡብ ቻይና ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌንም የሠራሁት እርስዎ ባዩት ዓይነት መንደር ላይ ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም። ይረዝማል፣ ይታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

የሰፈሩን ስም አልጠቀሱም። የእኛ ነጋዴዎች በብዛት የሚያርፉት ሺያዎበይ አካባቢ ስለሆነ ያዩት ዴንግፌንግ መንደርን ይመስለኛል። ሌላም ሊሆን ይችላል፤ የጓንዡ አስተዳደር አንድ ጊዜ ሲቆጥር እንዲህ ያሉ 138 መንደሮች አግኝቷል። ቻይናዎቹ «ቼንግዦንግጹን» ይሏቸዋል፤ ከተማ መሀል ያለ መንደር ማለት ነው።

«ተወችው» ከምትለዋ ቃል ልጀምር። መንደሩን ያየ ሰው ሁሉ እንደ እርስዎ ነው የሚያስበው፦ ፎቁ አዲስ፣ መንደሩ ሳይነካ የቀረ አሮጌ ነገር። እኔም መጀመሪያ ሳየው እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን ጠጋ ብለው ግድግዳውን ቢያዩት ኮለኑ ኮንክሪት ነው፣ ፊቱ ላይ ነጭና ሮዝ ሴራሚክ ተለጥፏል። አብዛኛው የተሠራው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ከመስታወቱ ፎቅ ጋር እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል፤ የአንድ የመሬት ሕግ ልጆች ናቸው። አሮጌው ነገር ሕንፃው አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ይዞታ ነው።

በ1982 የወጣው የቻይና ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10 መሬትን ለሁለት ይከፍለዋል። የከተማ መሬት የመንግሥት ነው። የገጠርና የከተማ ዳር መሬት ግን፣ ገበሬው ቤት የሠራበት ቦታ ጭምር፣ የመንደሩ የጋራ ሀብት ነው። ገንቢ ድርጅት የጋራውን መሬት በቀጥታ ከገበሬው ገዝቶ ፎቅ ሊያቆምበት አይችልም ነበር፤ መጀመሪያ መንግሥት ካሳ ከፍሎ ወደ ራሱ ማዞር አለበት። ካዞረ በኋላ የመጠቀም መብቱን ለተወሰነ ዘመን ይሸጣል፤ ለመኖሪያ 70 ዓመት ነው። በእኛ አፍ ሊዝ። የመጀመሪያው ጨረታ የወጣው በ1987 መጨረሻ ሼንዠን በምትባለው፣ የኢኮኖሚ ለውጡ መሞከሪያ በሆነችው የደቡብ ከተማ ሲሆን፣ ሕገ መንግሥቱ እንዲፈቅደው የተሻሻለው በዓመቱ ነው። አዎ፣ ጨረታው ሕጉን ቀደመው። ሼንዠን ውስጥ ብዙ ነገር የሆነው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ከዚያ 1994 መጣ። የግብር ክፍፍሉ ተለወጠና የገቢው ዋና ድርሻ ወደ ማዕከላዊ መንግሥት ሄደ፤ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የውኃ መስመሩ ግን የከተሞቹ ዕዳ ሆኖ ቀረ። ከንቲባው እጅ ላይ ምን ቀረ? መሬት። በርካሽ ወስዶ በውድ ማከራየት። ርካሹ የቱ ነው ካሉ የሩዝ ማሳው ነው፤ ምክንያቱም የእርሻ መሬት ካሳ ለረጅም ዘመን የሚሰላው ማሳው በዓመት በሚሰጠው ምርት ብዜት ነበር። ሰው የሚኖርበት ቤት ላይ ሲመጣ ግን ቤቱን መገመት አለ፣ ሰውየውን ማስፈር አለ፣ ክርክርም አለ። ስለዚህ ከተማው ማሳውን ወስዶ ቤቶቹን ዘለላቸው። ዛሬ ከላይ በሳተላይት ቢያዩት ሰፊው ጎዳና ቀጥ ብሎ መጥቶ መንደሩ ጋ ሲደርስ ዞር ይላል። እርስዎ «ተወችው» ያሉት ይሄንን ነው፤ ርኅራኄም ቸልታም አልነበረም፣ ሒሳብ ነው።

ማሳ የሌለው ገበሬ ምን ይዝራ? ቻይናዎቹ «ቤት ዘራ» ይላሉ፤ የእኔ አባባል እንዳይመስልዎት፣ የእነሱ ነው።

አሁን ወደ ሕንፃው ልግባ፤ እዚህ ላይ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልዘግይ። ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ቦታ 80 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ፈቃዱ ከሦስት ፎቅ ተኩል አይዘልም ነበር። ሰውየው ግን ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት አደረገው፤ ጂ ፕላስ 7 በ80 ካሬ ላይ ያስቡት። መሬት ላይ ካርታው ከሚለው አያልፍም፣ ምክንያቱም ጎረቤት አለ። ከአንደኛ ፎቅ ጀምሮ ግን ሶሌታውን፣ ማለትም የፎቁን ወለል፣ ወደ መንገዱ ግማሽ ሜትር ያህል ይገፋዋል። አየር የማንም አይደለማ! ማዶ ያለው ጎረቤትም እንደዚያው ያደርጋል። ከታች አንድ ሜትር ተኩል የነበረው መተላለፊያ ከላይ ክንድ የማይሞላ ስንጥቅ ይሆናል። ለዚህ ነው «የመጨባበጫ ሕንፃ» የሚሏቸው፤ አንዱ በመስኮቱ እጁን ቢዘረጋ የሌላውን ይጨብጣል። ይበልጥ የተጣበቁትን «የመሳሳሚያ ሕንፃ» ይሏቸዋል። ቀና ሲሉ የሚታየውን ሰማይ ደግሞ «የአንድ መስመር ሰማይ»።

ሜትር ይዤ የለካሁት አንድ መተላለፊያ አለ። ከታች 1 ሜትር ከ20 ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ከተከራየ ጓደኛዬ መስኮት ሆኜ ማዶውን ስለካ 38 ሴንቲ ሜትር አገኘሁ፤ ሜትሩ የጎረቤቱን የመስኮት ብረት ሲነካ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ብቅ አለችና ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ከለካህ አይቀር የእኔን ኩሽናም ለካው» ብላ ሳቀች። ዘይቷ ሲጤስ ጓደኛዬ ቤት ያለው ልብስ ሁሉ ይሸት ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ደረጃውን የወጣሁት በስልኬ መብራት ነው። የቤቱ ባለቤት ከታች በሩ ላይ ማህጆንግ ትጫወታለች፤ የቁልፍ እስሩ ወገቧ ላይ ነው። የሠላሳ ክፍል አከራይ ናት፤ አባቷ ሩዝ ያመርት ነበር።

ሠላሳውን ክፍል ማን ይከራየዋል? ሁኮው ሳይነሳ ይሄ አይገባም። ሁኮው በ1958 የጸና የቤተሰብ ምዝገባ ነው። ከእኛ የቀበሌ መታወቂያ ጋር እንዳያምታቱት፤ ክብደቱ ሌላ ነው። የልጅ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ የመንግሥት ቤት የማግኘት መብት ሁሉ የተያያዘው ከተመዘገቡበት ቦታ ጋር ነው። በ1978 ከቻይና ሕዝብ ከተሜው 18 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2020 ቆጠራ 64 በመቶ ሆነ። ያ ሁሉ ሰው በአካል ከተማ ገባ፣ በመዝገብ ግን ብዙው ገጠር ቀረ። በገጠር ተመዝግበው በእርሻ ያልሆነ ሥራ የሚያድሩት ብቻ በ2023 ወደ 300 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። ሼንዠን ውስጥ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የከተማው ሁኮው የለውም።

በዚህ ላይ በ1998 የመሥሪያ ቤት ቤት ማደል ቆመ። ከዚያ በፊት ከተሜው ቤት የሚያገኘው ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ነበር፤ አጥር ያለው ግቢ፣ ውስጡ ክበብ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ክሊኒክ። ከ1998 በኋላ ቤት የሚገዛ ሸቀጥ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ አጥሩ ግን ቀረ፤ አሁን ሪል እስቴቱ ሠራው። እርስዎ ከመንገዱ ማዶ የሚያዩዋቸው፣ በር ላይ ጥበቃ ያላቸው፣ በውስጣቸው ሃያና ሠላሳ ተመሳሳይ ሕንፃ የተደረደረባቸው ግቢዎች እነዚህ ናቸው። በ2016 መንግሥት አዲስ ዝግ ግቢ አይሠራ፣ ያሉትም ቀስ በቀስ ለመንገድ ይከፈቱ ብሎ መመሪያ ሲያወጣ ያ ሁሉ የቤት ባለቤት ተንጫጫ። ገንዘቤን የከፈልኩት ለአጥሩም ጭምር ነው አለ። ግቢዎቹ ዛሬም ዝግ ናቸው።

እንግዲህ ከሁናን የመጣ የሃያ ዓመት ልጅ ጓንዡ ባቡር ጣቢያ ሲወርድ የመንግሥት ቤት አይሰጠውም፣ የግሉን አይችለውም። መንደሩ ግን በዚያው ምሽት ይቀበለዋል። ደላላ አለ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስልክ ቁጥር አለ፣ የአንድ ወር ማስያዣ ከፍሎ ይገባል። ማንም ወረቀት አይጠይቀው። እዚህ ላይ የእኔን አቋም ልናገር፦ ቻይና በአርባ ዓመት ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኛ የሠራችው ትልቁ የቤት ፕሮግራም ይሄ መንደር ነው። ማንም አላቀደውም፣ ማንም በጀት አልመደበለትም፣ ብዙው ሕገ ወጥ ነው። ግን ፎቁን የገነባው ሰው ያደረው እዚያ ነው።

የሚያድሩበት ብቻ እንዳይመስልዎት። ጨርቅ የሚያመጡ ከሆነ ዦንግዳ የሚባለውን የጨርቅ ገበያ ሳያውቁት አይቀሩም። ከሱ አጠገብ ካንግሌ የሚባል መንደር አለ፤ ሰዉ በብዛት ከሁበይ ክፍለ ሀገር የመጣ ነው። ጠዋት መንገዱ ዳር የወርክሾፕ ባለቤቶች አንድ ናሙና ልብስ ከነዋጋው ይዘው ይደረደራሉ። ሠራተኛው ጠጋ ይልና ስፌቱን ይገለብጣል፣ ዚፑን ይጎትታል፣ ኪስ ስንት እንዳለው ያያል፣ በሆዱ «በቀን ስንት አወጣለሁ?» ብሎ ያሰላል። ካልጣመው ወደሚቀጥለው ናሙና ያልፋል። እዚህ ባለቤት ሠራተኛ አይመርጥም፤ ሠራተኛው ልብሱን ይመርጣል። ከተስማሙ ከጠባቧ ደረጃ ወደ ላይ ነው፤ ማሽኑ የተደረደረው እንደ መኖሪያ በተሠራች ክፍል ውስጥ ነው። መርካቶ የሚገባው ልብስ በዚህ እጅ አላለፈም ብዬ መማል አልችልም።

መንደሩን ማሞገስ ግን አልፈልግም። ባልደረቦቼ መሀል እንደሱ የሚያደርጉ አሉ፤ ከተማው ራሱን ሲሠራ ማየት ያስደስታል ይላሉ። እነሱ ግን እዚያ አያድሩም። የእሳት አደጋ መኪና አይገባበትም። የኤሌክትሪክ ሳይክል ባትሪ ደረጃ ሥር ቻርጅ ይደረጋል፤ ደረጃው አንድ ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ብረት አለ። ልብስ አይደርቅም። ልጅ የሚጫወትበት ቦታ የለም፣ የቅድመ አያቶች አዳራሽ ፊት ለፊት ካለች ትንሽ ሜዳ በስተቀር።

ይህችን አዳራሽ ልብ ይበሉ። በመንደሩ ውስጥ በእውነት አሮጌ የሆነው እሱ ነው፤ የዘር ሐረጉ የሚመለክበት፣ ሠርግና ለቅሶ የሚሰበሰብበት፣ ግራጫ ጡብና የተጠረበ እንጨት። በድራጎን ጀልባ በዓል ሰዉ የሚበላው እዚያ ነው። ገበሬው እርሻውን ሰጥቶ፣ ቤቱን አፍርሶ ስምንት ፎቅ ሲያደርግ አዳራሹን ግን አልነካም።

አሁን «ማፍረስ ከፈለገች የሚያቆማት የለም» ወዳሉት ልምጣ። ያቆማታል። ያፈርሳሉ፣ ግን በዋጋ ነው። ጓንዡ ውስጥ በሙሉ የፈረሰው የመጀመሪያው መንደር ሊዬዴ ነው። በዕንቁ ወንዝ ዳር፣ አዲሱ የንግድ ማዕከል ሥር የነበረ፣ ዕድሜው በመቶዎች ዓመታት የሚቆጠር መንደር ነው። ከተማው በ2010 የእስያ ጨዋታዎችን ሊያስተናግድ ነበርና በ2007 ማፍረስ ተጀመረ። ስምምነቱ እንዲህ ነበር፦ መሬቱ ለሦስት ተከፈለ። አንዱ በጨረታ ተሸጦ የሥራውን ወጪ ሸፈነ፤ አንዱ ላይ ለመንደርተኛው ቤት ተሠራ፤ ሦስተኛው የመንደሩ ማኅበር ንግድ የሚያካሂድበት ሆነ። በሕጋዊ ካሬው ልክ አንድ ለአንድ ምትክ ተሰጠ። በ2010 መኸር መንደርተኛው ተመለሰ፣ ወደ ማማ ሕንፃዎች። አንድ ቤተሰብ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ አፓርትመንት ደረሰው። አዳራሾቹ በወንዟ ዳር አንድ ላይ ተሰብስበው እንደገና ተሠሩ። ዛሬ ቢሄዱ የአንዱ ጎሣ አዳራሽ ከሌላው ጎሣ አዳራሽ አጠገብ ተደርድሮ ያያሉ፤ እንደ ሱቅ። በበዓሉ ቀን ጀልባዎቹ አሁንም ይመጣሉ፣ ከላያቸው የመስታወት ፎቅ።

ከሊዬዴ ጥግ ያለው ሺያንጹን ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በዚያው ሰሞን ይፈርሳል ተባለ። መንደርተኛው የራሱን የመንደር ሹማምንት አላመነም፤ የጋራውን መሬት ለማን በስንት እንዳከራዩ ሒሳቡን አሳዩን አለ። በ2013 ሹማምንቱ በሙስና ተጠየቁ። ማፍረሱ ከአሥር ዓመት በላይ ተጎተተ፤ ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ቆሞ፣ በፍርስራሽ መሀል ሰው አትክልት እየተከለ። አልወጣም ያለ ባለ ቤት በቻይንኛ «የሚስማር ቤት» ይባላል፤ አልነቀል ያለ ሚስማር። በ2007 ቾንግቺንግ ውስጥ ዙሪያዋ እንደ ገደል ተቆፍሮ ብቻዋን ጉብታ ላይ የቆመች ቤት ፎቶዋን ዓለም አይቶታል። የቻይና የንብረት ሕግም የጸደቀው በዚያው ዓመት መጋቢት ነው።

ደቡብ ላይ ግን አሁን አሁን መንደርተኛው ከማፍረስ የሚሸሽ አይደለም፤ ብዙው «መቼ ነው የእኛ ተራ?» የሚል ነው። በካሳ ሀብታም የሆነውን ወጣት «የማፍረስ ሁለተኛ ትውልድ» እያሉ ይቀልዱበታል። ከአፍራሹ ጋር ተደራድሮ የሚከብር አለ፤ የሚከስረው ማን እንደሆነ አይታይም። የሚከስረው ተከራዩ ነው። በሊዬዴ ስምምነት ውስጥ ስሙ የለም። በ2019 ሼንዠን ውስጥ ባይሺዦው የሚባለው ትልቅ መንደር ተከራዮች በጥቂት ሳምንት ልቀቁ ሲባሉ፣ ወላጆች የጮኹት ከቤቱ ይልቅ ስለ ትምህርት ቤቱ ነበር፤ የልጅ ምዝገባ የሚያዘው በኪራይ ውሉ ነውና ውል ከሌለ ትምህርት ቤት የለም። እዚያ መንደር ውስጥ ይኖር የነበረው ሰው በአንዳንድ ግምት 150 ሺህ ነው። ካሳ የተደራደሩት ባለ ይዞታዎች ጥቂት ሺህ።

አዲስ አበባን በሐሳብዎ ሳያነፃፅሩት አይቀሩም፣ ባጭሩ ልንካው። የእኛ አዋጅ 47/67 (ይሄ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ 1967) የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት ስላደረገ ከተማ ውስጥ የገበሬ የጋራ ደሴት አልቀረም፤ ስለዚህ መንደራችን በዚህ መልክ ሊፈጠር አይችልም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሲነሣ ደግሞ ቢያንስ መዝገብ ላይ አለ፣ ምትክ ብሎ የሚሟገትበት ወረቀት አለው። የግለሰብ ሰርቪስ ቤት ተከራይ ግን የለበትም። የጓንዡን መንደር ሰው ማሰብ ከፈለጉ ይሄን የሰርቪስ ቤት ተከራይ በሚሊዮን ያባዙት።

አርክቴክቶቹ ምን አደረጉ ብለው ከጠየቁ፣ ትንሽ። ኡርባኑስ የሚባል የሼንዠን ቢሮ በ2008 ከጓንዡ ጠርዝ ላይ ክብ ሕንፃ ሠራ። ሐሳቡ የመጣው ከፉጂያን ቱሎው ነው፤ አንድ ጎሣ በሙሉ በአንድ ክብ የአፈር ሕንፃ የሚኖርበት። ኡርባኑስ ያንን በኮንክሪት አድርጎ ትናንሽ የኪራይ ክፍሎችን ለዝቅተኛ ገቢ አደራጀበት፤ መሀሉ ግቢ። ገብቼ አይቼዋለሁ፣ ክፍሎቹ ብርሃን አላቸው። ግን አንድ ነው፤ ብዙ አልተደገመም፣ ምክንያቱም ርካሽ ኪራይ ውድ መሬት ላይ ለገንቢ አያዋጣም። በ2017 ደግሞ የሼንዠን የአርክቴክቸር ቢየናሌ፣ ማለትም በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው ኤግዚቢሽን፣ ናንቶው በሚባል መንደር ውስጥ ተካሄደ፤ እኛም ተማሪዎች በአድናቆት ሄድን። ዛሬ ዋናው መንገዱ ማኪያቶ የሚጠጣበትና ፎቶ የሚነሣበት ሆኗል። ኤግዚቢሽኑን ያየነው ሰዎች ለኪራዩ መወደድ የበኩላችንን አድርገናል ብዬ አስባለሁ።

ከ2023 ሐምሌ ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። የቤት ገበያው ወድቋል፤ ኤቨርግራንዴን የሚያህል ግዙፍ የቤት ገንቢ ድርጅት በ2021 ዕዳውን መክፈል አቅቶት በ2024 መጀመሪያ የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ወስኖበታል። የከተሞች የመሬት ገቢም አብሮ ደርቋል። መንግሥት ግንባታው እንዲንቀሳቀስ ብሎ በትልልቆቹ ከተሞች የመንደር ማሻሻያ ፕሮግራም አውጥቷል፤ አንዳንዱን ማፍረስ፣ አንዳንዱን መጠገን፣ አንዳንዱን በከፊል። ስለዚህ ለጥያቄዎ የመጨረሻው መልስ «አልተወችውም፣ ተራው እስኪደርስ ነው» የሚል ነው፤ የዴንግፌንግ ተራ መቼ እንደሆነ ግን አፌን ሞልቼ አልነግርዎትም።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገርዎትና ላብቃ። በሚቀጥለው ጉዞዎ ግድግዳ ላይ በክብ መስመር ውስጥ የተጻፈ ትልቅ ቀይ ፊደል ካዩ «ቻይ» ይባላል፤ «ይፈርሳል» ማለት ነው። ዕቃዎን የሚያሳድሩበት መጋዘን በዚያ መተላለፊያ ውስጥ ከሆነ የዓመቱን ኪራይ በአንዴ አይክፈሉ፤ በየወሩ ያድርጉት፣ ማስያዣውንም ደረሰኝ ይቀበሉበት።